ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ወንጀል ነው፤ ልጄን ማታ ትምህርት ላስቀራት?

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ43 ዓመት ሴት ነኝ። ግንፍሌ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ትልቋ ልጄ 19 ዓመቷ ነው። ቀን ሱቅ ትሠራለች፣ ማታ ፒያሳ አንድ ኮሌጅ አካውንቲንግ ትማራለች። ክፍል የሚያልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። እስከ አራት ኪሎ በታክሲ ትመጣና ከዚያ ወደ ቤት በእግሯ ትወርዳለች።

ችግሬ እንዲህ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ስልኬ ላይ የማየው ሁሉ ወንጀል ሆኗል። ቲክቶኩም፣ ዩቲዩቡም፣ ቴሌግራሙም ያው ነው። «እናቶች ተጠንቀቁ» የሚል ነገር ካገኘሁ ሳላየው ማለፍ አልችልም። አሜሪካ ያለችው ታላቅ እህቴ ደግሞ ማታ ማታ ያገኘችውን ቪዲዮ ሁሉ ትልክልኛለች፤ «ልጅቷን ከቤት አታስወጪ» ትለኛለች። ልጄ ትንሽ ካመሸች በረንዳ ላይ ቆሜ ነው የምጠብቃት። እንቅልፍ የለኝም። ባለቤቴ «ሌባ ድሮም ነበረ፤ ስልክሽን ዝጊ» ይለኛል። እንዲህ ሲለኝ ይብስ እናደዳለሁ።

በቅርቡ ልጄን ማታ ትምህርቱን እንድታቆም ነገርኳት። የሴሚስተሩን ክፍያ ከደሞዟ አጠራቅማ ነበር የከፈለችው። አለቀሰች፤ ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር አታናግረኝም።

በዚህ ላይ የኮንዶሚኒየማችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ ተለቀቀ። ቦርሳ ይዞ ደረጃ ላይ ቆሟል። «ይህ ሰው ሕጻናትን እያነጋገረ ሲዞር ታይቷል፤ ለምትወዱት ሁሉ ሼር አድርጉ» ይላል። ለማንም አልላክሁም፤ ግን አንድ ነገር ቢፈጠርስ እያልኩ እጨነቃለሁ። ፎቶውን ልላክ? ልጄንስ ላስቀራት?

እናት፣ ከግንፍሌ

መልስ

ውድ እህታችን፣ ከፎቶው ልጀምር፤ ሌላው ቢያድር ግድ የለም፣ እሱ ግን ያጣድፋል። አይላኩት። እስካሁን አለመላክዎም ደግ አድርገዋል።

መልእክቱን አንድ ጊዜ መልሰው ያንብቡት። ማን አየው? በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ብሎክ? ልጆቹን ምን አላቸው? ለፖሊስ ተነግሯል? አንዱም የለበትም። ያለው ቦርሳ የያዘ ወጣትና «ሼር አድርጉ» የሚል ትእዛዝ ነው። ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ቦርሳ ይዞ የሚቆም ሰው ቆጣሪ አንባቢ ሊሆን ይችላል፤ ዕቃ አድራሽ፣ አስጠኚ፣ የሚከራይ ቤት ፈላጊም ሊሆን ይችላል። የቤት ቁጥር የጠፋበት ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው እዚያው ደረጃ ላይ የሚጫወቱትን ልጆች ነው። ሌባም ሊሆን ይችላል። ፎቶው ግን ይህን ከዚያ አይለይም።

እንዲህ ያለ ወሬ ሰው አስገድሏል። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ሕንድ ውስጥ «ልጅ ሰራቂዎች መጡ» በሚል የዋትስአፕ መልእክት ሰበብ ብዙ ሰዎች በደቦ ተደብድበው ሞተዋል። ከተሰራጩት ቪዲዮዎች አንዱ ሁለት ሞተረኞች ልጅ ነጥቀው ሲሄዱ ያሳያል። ቪዲዮው የተሠራው ፓኪስታን ካራቺ ውስጥ ነው፤ ለወላጆች ማስተማሪያ ተብሎ። በዋናው ቅጂ ሞተረኞቹ ተመልሰው ልጁን ያስረክባሉ። ያቺን መጨረሻ ቆርጠው ጣሏት፣ የቀረውን በተኑት። ዋትስአፕ ከዚያ በኋላ አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከ5 ቻት በላይ ማስተላለፍ እንዳይቻል ያደረገው በዚህ ምክንያት ነበር። ሩቅ ሳንሄድ በእኛም አገር በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ምዕራብ ጎጃም አዲስ ዓለም ላይ ለጥናት የሄዱ ሁለት ሰዎች «ልጆቻችንን ሊጎዱ መጡ» በሚል ወሬ በሕዝብ ተገድለዋል።

ይህ ማለት ግን ዝም ይበሉ ማለት አይደለም፤ የሚናገሩበትን ቦታ ይቀይሩ። ለግሩፑ አድሚን በግል እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ፎቶው ላይ ቀንም ሰዓትም ያየው ሰውም ስላልተጻፈ ለጊዜው ቢነሳ ጥሩ ነው። በዓይኑ ያየ ካለ ለማኅበሩ ጥበቃና ለወረዳው ፖሊስ አብረን እንንገር።» ግሩፑ ውስጥ አይጻፉት፤ ክርክር ከተነሳ ፎቶውን ያላየውም ሰው ወደ ላይ ወጥቶ ይፈልገዋል። ሰውየው ዳግም ከመጣ ጥበቃው «ማንን ፈልገህ ነው?» ይበለውና ስምና የሚሄድበትን ቤት ቁጥር ይመዝግብ። አነጋግሯቸዋል የተባሉት ልጆች ካሉ ወላጆቻቸው ለየብቻ «ሰውየው ምን አለህ?» ብለው ይጠይቋቸው። «ሊወስድህ ነበር ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ሕጻን «አዎ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን መለየት ለመርማሪም ይከብዳል። ልጁ የሚያሳስብ ነገር ከተናገረ ቃሉን እንዳለ፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ጽፈው ፖሊስ ጣቢያ ይውሰዱት። አሁን የሚሆን ነገር ካዩ ደግሞ 991 ይደውሉ።

ሕጉንም ይወቁት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ክስ ተመሥርቶበት ችሎት የቆመ ሰው እንኳ በሙግቱ ሂደት እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው። ደረጃ ላይ የቆመ ወጣት ይህ እንዴት ይነፈገዋል? ስም ማጥፋት ደግሞ በወንጀል ያስከስሳል፤ «እኔ ፎርዋርድ ነው ያደረግሁት» ማለት ብዙ አያዋጣም።

አሁን ወደ ልጅዎ።

ባለቤትዎ «ስልክሽን ዝጊ» ሲሉ ለምን እንደሚናደዱ ይገባኛል፤ ፍርሃትዎን ከምናብ የመጣ አስመሰሉት። ከምናብ አልመጣም። ፒያሳ ስልክ ይነጠቃል። ለከፋ አለ። በ2007 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ሚኒባስ ተሳፍራ የተጠለፈችውና በደረሰባት ጥቃት ሕይወቷ ያለፈው የ16 ዓመት ተማሪ ጉዳይ የብዙ እናት ልብ ውስጥ አለ። ያን ጊዜ ነገሩን አደባባይ ያወጡት ዜናውና የማኅበራዊ ሚዲያው ጩኸት ናቸው፤ ባይጮኽ ኖሮ እንደ ብዙዎቹ ተዳፍኖ ይቀር ነበር። ስለዚህ «ሚዲያው ነው የሚያስፈራራዎት» ብዬ አልፌዎት አልሄድም።

ግን ስልክዎ ወንጀልን አይቆጥርም። የሚቆጥረው እርስዎን ይዞ የሚያቆየውን ነው። ሁለቱ ይለያያሉ።

አንድ የዝርፊያ ወንጀል ተፈጸመ እንበል። የተፈጸመ ዕለት አንድ ዜና ነው። ተጠርጣሪው በቁጥጥር ስር ሲውል ሁለተኛ ዜና ይሆናል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጊዜ ቀጠሮ ሲጠየቅበት ሦስተኛ፣ ክስ ሲመሠረት አራተኛ፣ ጥፋተኛ ሲባል አምስተኛ፣ ቅጣቱ ሲወሰን ስድስተኛ። በመሃል ወራት ያልፋሉ፣ አንዳንዴም ዓመት። ከዚያ አንዱ ዩቲዩበር «ለማመን የሚከብድ» ብሎ አርባ ደቂቃ ይተርከዋል። ሌላው ከአርባው ደቂቃ አርባ ሰከንድ ቆርጦ ቲክቶክ ላይ ያወጣዋል። ሦስተኛው ድምፁን ቀይሮ እንደገና ይጭነዋል። እህትዎ ዘንድ የሚደርሰው የመጨረሻው ነው፤ ቀንም ሰፈርም የሌለው። እርስዎ ዘንድ ሲደርስ የትናንት ማታ ወንጀል መስሎ ነው።

ፖሊስ ለመገናኛ ብዙኃን የሚሰጠው መግለጫም የከተማው ወንጀል ሁሉ ዝርዝር አይደለም። ወንጀለኛው የተያዘበት፣ አፈጻጸሙ ለየት ያለ፣ ኅብረተሰቡን ያስተምራል የተባለው ነው የሚወጣው። በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ደግሞ ስለ ሐሰተኛ ብርና ስለ ኪስ አውላቂ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ በየዓመቱ። በእነዚያ ሳምንታት ስልክዎ ሲሞላ ከተማው ተበላሸ ማለት ላይሆን ይችላል፣ በዓል ደርሷል ማለት ነው። ዘመቻ ተደርጎ የተሰረቁ ስልኮች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ሲታዩም እንዲሁ ነው። የሚያዩት የተያዘውን ነው፤ ልብ ግን «ይህን ያህል ተሰረቀ!» ብሎ ይመዘግበዋል።

የቲክቶኩና የዩቲዩቡ ነገር ከዚህ ይከፋል። ማሽኑ የሚለካው እስከ መጨረሻ አዩ ወይ፣ ደግመው ከፈቱ ወይ፣ ለሰው ላኩ ወይ፣ አስተያየት ጻፉ ወይ የሚለውን ነው። እርስዎ «እናቶች ተጠንቀቁ» የሚለውን ሳያዩ አያልፉም። ማሽኑ ይህን ፍርሃት ብሎ አያውቀውም፤ ወደደችው ብሎ ነው የሚይዘው። ነገ አምስት ጨምሮ ያመጣልዎታል።

ለነገሩ ስልክ ከመምጣቱ በፊትም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1976 መገባደጃ የኒውዮርክ ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች በአረጋውያን ላይ የወንጀል ማዕበል ተነሣ ብለው ለ7 ሳምንት ያህል ዘገቡ። በዚያ ወቅት የአንድ ጣቢያን የዜና ክፍል ሲያጠና የነበረው የሶሺዮሎጂ ባለሙያ ማርክ ፊሽማን የፖሊሱን አኃዝ አገላብጦ ሲያይ የአረጋውያን ግድያ ከቀደመው ዓመት በ19 በመቶ ቀንሶ አገኘው። ጋዜጠኞቹ አልዋሹም፤ የዘገቡት ሁሉ የሆነ ነገር ነው። አንዱ ሲዘግብ ሌላው እንዳይቀርበት ያንኑ ዓይነት ፈለገ፤ ፖሊስም የሚፈለገውን ዓይነት እየመረጠ አቀበለ። ማዕበሉ እንዲህ ነው የተሠራው።

እህትዎ ያሉበትን አገር የዛሬ ሁኔታም ይመልከቱ። በኤፍቢአይ አኃዝ መሠረት አሜሪካ ውስጥ ኃይል የተቀላቀለበት ወንጀል እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2022 በግማሽ ያህል ቀንሷል። ጋሉፕ የተባለው ድርጅት ግን ከ1993 እስከ 2023 ሕዝቡን 27 ጊዜ ጠይቆ በ23ቱ ቢያንስ 60 በመቶው «በአገሪቱ ወንጀል ካምናው ጨምሯል» አለ። ስለ ገዛ ሰፈራቸው ሲጠየቁ እንዲያ የሚሉት ያንሳሉ። ሰው ሰፈሩን በዓይኑ ያየዋል፤ አገሩን የሚያየው በስክሪን ነው። ይህን ያነሣሁት አዲስ አበባ ውስጥ ወንጀል ቀንሷል ለማለት አይደለም። ስልክዎ ላይ የሚመጣው ብዛት ጨመረም ቀነሰም ሊነግርዎት አይችልም ለማለት ነው።

እስቲ ይህን ይመልሱልኝ፦ ባለፉት 6 ወራት እርስዎ ራስዎ፣ ቤተሰብዎ ወይም በስም የሚያውቁት ጎረቤት ምን ደረሰበት? የት ቦታ? በስንት ሰዓት? መልሱን ወረቀት ላይ ያውርዱት። ምናልባት አንድ የተነጠቀ ስልክና አንድ የተሰበረ የመኪና መስኮት ይወጣ ይሆናል። ምናልባት ከዚያ በላይ። የትኛውም ቢሆን ልጅዎን የሚጠብቋት ከዚህ ዝርዝር ተነሥተው ነው፤ ከቲክቶክ አይደለም።

ከስልኩ ውጪ አንድ ነገር ግን አለ፤ በጣም እውነተኛ ነው ብዬ አስባለሁ። ከፒያሳ ብዙው ክፍል በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ፣ ካዛንቺስም ከተከተለ በኋላ፣ በዚያ መስመር የምናውቃቸው ፊቶች ተበትነዋል። ድሮ ልጅቷ ስትመጣ ባለ ሱቁ ያያታል፣ ሊስትሮው ያውቃታል፣ ቡና ላይ «እገሌ እዚያ ጥግ ላይ ተነጠቀ» ይባልና ያ ጥግ ይታወቃል። አሁን መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም በዝቷል፤ የሚያውቃት ሰው ግን አነሰ። ያ የጎደለ ወሬ ቦታውን ለቴሌግራም ለቀቀ። የቡናው ወሬ ጥግ ነበረው፤ የቴሌግራሙ ጥግ የለውም፣ ስለዚህ ሁሉም ቦታ ያስፈራል።

ለአንድ ሳምንት ደብተር ይያዙ። በየቀኑ ያዩትን የወንጀል ወሬ ሁሉ አራት ነገር እየጠየቁ ይጻፉ፦ የት ሆነ፣ መቼ ሆነ (መቼ ተለጠፈ አላልኩም)፣ ማን ነው ያለው፣ ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ ወይ። ቪዲዮ ከሆነ አንዱን ምስል ስክሪንሻት ያንሡና በጉግል ሌንስ ይፈልጉት፤ ቀድሞ የት እንደወጣ ብዙ ጊዜ ያሳያል። የመኪና ሰሌዳውን፣ የሱቅ ጽሑፉን፣ የፖሊሱን ዩኒፎርም ይዩ፤ የእኛ ነው? «ተጠርጥሮ ተያዘ» የሚለውን «ጥፋተኛ ተባለ» ከሚለው ለይተው ይጻፉ። «በዚህን ያህል ወር ይህን ያህል ወንጀል» የሚል ቁጥር ሲያዩ ደግሞ ካምናው ተመሳሳይ ወራት ጋር ተነጻጽሯል ወይ ብለው ይጠይቁ። ቁጥር የሚጨምረው ወንጀል ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ሰው ማመልከት ሲጀምርም ይጨምራል። በሳምንቱ መጨረሻ የደጋገሙትንና ቀን ወይም ቦታ የሌላቸውን ይሰርዙ፤ ከቀሩት ውስጥ አራት ኪሎንና ፒያሳን የሚመለከቱትን ብቻ ያክብቡ። የሚጠቅምዎት እሱ ነው።

ስልኩን መዝጋት አያስፈልግም፤ ማስተካከል ግን ያስፈልጋል። ቲክቶክ ላይ ቪዲዮውን ተጭነው ይያዙና «ኖት ኢንተረስትድ» የሚለውን ይንኩ፤ ሴቲንግ ውስጥ «ኮንተንት ፕሪፈረንስ» ገብተው ደግሞ ፊዱን ከአዲስ ማስጀመር ይቻላል። ዩቲዩብ ላይ ሦስቷን ነጥብ ነክተው «ዶንት ሪኮመንድ ቻናል» ይበሉ፤ የተመለከቱትን ታሪክም ያጥፉ፣ አለዚያ ያንኑ እየተከተለ ይመጣል። ቴሌግራም ላይ ቻናሎቹን ሚዩት አድርገው አርካይቭ ውስጥ ይክተቷቸው፣ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድም ይዝጉት። ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ይሠራሉ፤ ቪዲዮውን «ውሸት ነው!» ብለው አስተያየት ይጽፉበታል። ለማሽኑ ያም ተሳትፎ ነው፤ ሌላ ይልክላቸዋል። ዜና ማየት ካለብዎ ቀን 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከእራት በኋላ ግን አይሁን፣ ልጅዎን በሚጠብቁበት ሰዓትማ በፍጹም።

ልጅዎን ላስቀራት ወይ ላሉት፣ ሦስት መንገድ ይታየኛል። ማስቀረት አንዱ ነው፤ የከፈለችውን ገንዘብና አመኔታዋን ያስከፍላል፣ እርስዎንም ከበረንዳው አያወርድዎትም፣ ነገ ለሥራዋም ይፈራሉና። ወደ ቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር መቀየር ሁለተኛው ነው፤ ኮሌጁ ካለው መጠየቅ አይጎዳም፣ የሱቁ ሥራ ግን ቅዳሜን ይፈቅድላታል? ሦስተኛው በጥንቃቄ መቀጠል ነው። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ፤ ግን 19 ዓመት የሞላት ሠርቶ አደር ናት፣ ውሳኔው ከእሷ ጋር ካልሆነ የትኛውም አይሠራም።

ንግግሩን ከፍርሃትዎ አይጀምሩ። «ትምህርት አቁሚ ያልኩሽ ቸኩዬ ነው። መንገዱ ላይ አንቺን የሚያስፈራሽ የቱ ጋ ነው?» ብለው ይጠይቋትና ዝም ብለው ያዳምጡ። እናት የምትፈራውና ልጅ የምትፈራው ብዙ ጊዜ አይገጥምም። እርስዎ ጠለፋ ያስባሉ፤ እሷ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚጠጋጋት ሰው፣ ወይ አጥር ሥር ቆመው የሚለክፉ ልጆች ይሆናሉ የሚያስጨንቋት። ይህን ያላወቀ ጥንቃቄ ከተሳሳተ በር ላይ ዘበኛ እንደማቆም ነው።

ከዚያ አንድ ማታ አብረው ይሂዱ፤ በትክክለኛው ሰዓት፣ 2 ሰዓት ላይ ከኮሌጁ በር ተነሥተው። ታክሲ የምትይዝበት ሰልፍ ምን ያህል ያቆያል? ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ስትወርድ መብራት የሌለው የትኛው ክፍል ነው? በዚያ ሰዓት ክፍት የሆነ ፋርማሲ፣ ካፌ፣ ጥበቃ ያለው ሕንጻ የት አለ? ሁለት መግቢያ ቦታ ይምረጡ፤ የሚከተላት ሰው ቢኖር ወደ ቤት አትሮጥም፣ እዚያ ትገባለች። አጭሩ መንገድ ጨለማ፣ ረጅሙ ሰው ያለበት ከሆነ ረጅሙን ትያዝ። አንድ ዓርብም ይድገሙት፤ የዓርብ ማታ ከሰኞ ማታ አይመሳሰልም።

ከሁሉ የሚያሰጋው የስልክ ንጥቂያ ነው፤ እሱንም ብዙውን መከላከል ይቻላል። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጦ ስልክ መነካካት፣ አስፋልት ዳር ቆሞ በጆሮ ይዞ ማውራት፣ ቦርሳን በጀርባ ማንገት፤ ነጣቂ የሚፈልገው እነዚህን ነው። ታክሲው ሳይቆም ስልኳ ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው ደረቷ ላይ ይሁን። ዛሬውኑ *#06# ትደውልና የሚወጣውን 15 አኃዝ የአይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ) ቁጥር ደብተር ላይ ትጻፈው፤ የስልኩን ካርቶንም አትጣለው። ከተሰረቀ ከሌላ ስልክ 994 ደውላ ሲሙን ታዘጋለች፣ ባንኳን ትነግራለች፣ ከዚያ ቁጥሩን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ታመለክታለች። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ ጣቢያ ሄዶ ሲመለስ ቴሌብሩ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ነጣቂ ስልኩን ከያዘው ግን ትልቀቀው። አትታገል፣ አታባርር።

ለእርስዎ ልብ ደግሞ ከክፍል ስትወጣ ቴሌግራም ላይ ላይቭ ሎኬሽን ለ1 ሰዓት ታብራልዎ። 1 ሰዓት ካለፈ በራሱ ይጠፋል፤ ቀኑን ሙሉ እየተከታተሏት እንዳልሆነ ታውቃለች። ሰዓት ይስማሙ፦ እስከ 3 ሰዓት ካልገባች ይደውላሉ፣ እስከዚያ አይደውሉም። መንገድ ላይ በየአምስት ደቂቃው የሚጮህ ስልክ ራሱ ከቦርሳ ያስወጣታልና። በጣም ያመሸች ዕለት በራይድ ትምጣ፤ ከመግባቷ በፊት ሰሌዳውን ከአፑ ጋር ታስተያይ፣ ስሟን ሹፌሩ ይንገራት እንጂ እሷ አትንገረው። ባለቤትዎም «ስልክሽን ዝጊ» ከሚሉ በሳምንት ሁለት ቀን አራት ኪሎ ወጥተው ይቀበሏት፤ ለእግራቸውም ጥሩ ነው።

ስክሪኑ የማያሳያቸው ሁለት አደጋዎችም አሉ። አንዱ መንገድ መሻገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል፤ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ይህን «እናቶች ተጠንቀቁ» ብሎ የሚለጥፍ አላየንም። ሁለተኛው ይከብዳል። በተባበሩት መንግሥታት ግምት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ሆን ተብሎ ከተገደሉት 85 ሺህ ሴቶችና ልጃገረዶች 60 በመቶ ያህሉ የሞቱት በትዳር ወይም በፍቅር አጋራቸው አለያም በቤተሰብ እጅ ነው። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች ከሦስቱ አንዷ ያህል በባል ወይም በአጋር ጥቃት ደርሶባታል። ዜናው ስለማያውቁት ሰው ያስጠነቅቃል፤ ጥቃቱ ብዙ ጊዜ ከሚያውቁት ይመጣል። ስለዚህ ለልጅዎ «የምታውቂው ሰውም ቢሆን፣ አስተማሪም፣ አለቃም፣ ዘመድም ቢሆን ካስቸገረሽ ንገሪኝ፤ ትምህርት አላስቀርሽም» ይበሏት። የመጨረሻዋ ቃል ቁልፍ ናት። የነገረችዎት ሁሉ ቤት የሚያስቀራት ከሆነ መንገሩን ትተዋለች። ክፉ ነገር ቢደርስ፣ አያድርስባትና፣ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለጥቃት ተጎጂዎች ሕክምናውንና የሕጉን እገዛ አንድ ቦታ ይሰጣል፤ መከላከያ መድኃኒቶቹ እንዲሠሩ በ72 ሰዓት ውስጥ መድረስ ያስፈልጋል።

የእንቅልፉን ነገር አንድ ወር ይመልከቱት። ማታ ማታ ቪዲዮ ማየት ካቆሙም በኋላ ልብዎ የሚመታ፣ እንቅልፍ የሚነሣዎት ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄደው ይንገሩ። ጭንቀት ይታከማል።

እህትዎ የሚልኩት ከፍቅር ነው፤ ርቀው ስለሚኖሩ እጃቸው ላይ ያለው ማስጠንቀቅ ብቻ ነው። አይቆጧቸው። «እትዬ፣ ቪዲዮዎቹ እንቅልፍ እየነሡኝ ነው። እሁድ እሁድ ደውይልኝ፤ መንገዱን እንዴት እንደምትመጣ ልጅቷን ራሷን ጠይቂያት» ብለው በድምፅ ይላኩላቸው፤ ጽሑፍ ይቆረቁራል። መላኩን ካልተዉ ቻቱን ሚዩት ያድርጉትና እሁድ ቀን፣ በጠዋት ይክፈቱት።